ላባ እግርና ጎተራዋ መኪና

ሰው ሆኖ የሚኮራበት ነገር የሚያጣ የለም። አንዱ በልጁ፣ አንዱ በድምፁ፣ ሌላው በጫማው ንጽሕና ይኮራል። የዚህ ታሪክ ሾፌር ኩራት ቀኝ እግሩ ነበረች። «የኔ እግር እኮ ላባ ናት፤ ነዳጅ መስጫው መረገጡን ራሱ አያውቅም» ይል ነበር። ይህን ከማለቱ ብዛት የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ እናቱ ያወጣችለትን ስም ትቶ ላባ እግር ይለው ጀመር፤ ውሎ አድሮም አጠረና ላባ ብቻ ሆነ። እሱም ስሙን ወደደው። አዲስ ሰው ሲተዋወቅ እንኳ ራሱ «ላባ እባላለሁ» ብሎ፣ «ለምን?» እስኪባል ይጠብቅ ነበር።

መሥሪያ ቤቱ ለየጤና ጣቢያው የሕክምና ዕቃ የሚያከፋፍል፣ የተበላሸውንም የሚጠግን ነው። ግቢው ውስጥ ሁለት መኪኖች ይቆማሉ። አንደኛዋ አራት ሰው ተጠጋግቶ የሚሳፈርባት፣ በሯ ሲዘጋ እንደ ቆርቆሮ ሣጥን «ቋ» የሚል ትንሽ መኪና ናት። ሠራተኛው ቁንጫ ይላታል። ሌላይቱ ወንበሮቿ በሦስት ረድፍ የተደረደሩ፣ ኮፈኗ ሰው ደረት የሚደርስ፣ ጣሪያዋ ላይ የብረት ዕቃ መጫኛ የተሸከመች ግዙፍ ናት፤ እሷን ደግሞ ጎተራ ይሏታል። ላባ የሚነዳው ቁንጫን ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ያደርሳል፣ ደብዳቤ ያመላልሳል። ጎተራን የሚነዱት ግን በዕድሜ የሚበልጡት፣ አባ ዝም የሚባሉት ሾፌር ነበሩ።

አባ ዝም በእርግጥም ዝም ያሉ ሰው ናቸው። ደህና አደሩ ሲባሉ ራሳቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ እንዴት ዋሉ ሲባሉ ደግሞ ከፍ። ላባ አዲስ የተቀጠረ ሰሞን ጎዳናውንና ውስጥ ለውስጡን፣ የትኛው ጎሚስታ ጎማ አሳምሮ እንደሚጠግን፣ የትኛው ነዳጅ ማደያ ወረፋ እንደማይበዛበት ያሳዩት እሳቸው ናቸው። ያንንም ቢሆን ያሳዩት በጣታቸው እንጂ በአፋቸው አልነበረም።

በክበቡ ሻይ ሲጠጣ ላባ ወሬው አንድ ነው። «ቁንጫን አንዴ ሞልቼ ሳምንቱን አጋምሳለሁ። ጎተራ ግን ከማደያው ወጥታ የግቢው በር ላይ ስትደርስ ጠማኝ ትላለች!» ሰው ይስቃል። «እግር ነው ጉዳዩ» ይላል ሱሪውን ከፍ አድርጎ ቁርጭምጭሚቱን እያሳየ። «አንዳንዱ እግሩ ብረት ነው። ብረት ደግሞ ከተቀመጠበት አይነሣም።»

አንድ ጊዜ አባ ዝም ብርጭቋቸውን አስቀምጠው፣ «መኪናዋ ትልቅ ናት፣ ልጄ» አሉት።

«ጋሼ፣ ትልቅነት ሆዳምነት ነው እንዴ? እርስዎ ከኔ በቁመት ይበልጣሉ፤ ዳቦ ግን አብልጬ የምበላው እኔ ነኝ!» አለ። ክበቡ በሳቅ አወካ። አባ ዝምም ፈገግ ብለው ሻያቸውን ጨረሱ። ላባ ያን ቀን ክርክር ያሸነፈ መስሎት ነበር።

እንዲህ እያለ የነዳጅ ነገር ስብሰባ አስጠራ። ዋጋው ጨምሮ፣ ከበላይም «ቀንሱ» የሚል ትእዛዝ መጥቶ ኖሮ፣ ኃላፊዋ ሠራተኛውን ሁሉ አዳራሽ ሰብስበው ጠየቁ። «ጎተራ ለምንድን ነው እንዲህ የምትጠጣው? የሁለቱን መንገድ አስተያይቼዋለሁ፤ በኪሎ ሜትር ሲታሰብ የቁንጫን እጥፍ ትወስዳለች። የሚያስረዳኝ አለ?»

አባ ዝም ኮፍያቸውን አውልቀው ተነሡ። «መኪናዋ ትልቅ ናት። ዕቃ ትጭናለች። ዳገት ትወጣለች» ብለው ተቀመጡ። ለሳቸው ይህ የዓመት ንግግር ነው።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ይህ ታሪክ ባልኖረ። ግን አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ከኋላ የተቀመጡት ዞረው ላባን አዩት። የሳቅ ሰው ሆኖ የለመደ ሰው ደግሞ ጸጥታን አይችልም። ብድግ አለ።

«እኔ የማውቀው» አለ፣ «ነዳጅ ከመኪና የሚወጣው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ በጭስ ማውጫው ነው። ሌላው በጀሪካን።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንዷ ጸሐፊ ዓይኗን በመሐረብ እስክትጠርግ ሳቀች። ላባም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ጭብጨባ እንደተቀበለ ሰው ጎንበስ ብሎ ተቀመጠ። ቁጭ ካለ በኋላ ነው አባ ዝምን ያየው። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ክሩ የተተረተረበትን ጠርዝ በጣታቸው ይዳብሱ ነበር። ቀና አላሉም። ኃላፊዋ ግን አልሳቁም። ብዕራቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው አባ ዝምን ረዘም ላለ ጊዜ አዩዋቸው።

እውነቱ ቢነገር፣ ላባ እኒያ ሰው ነዳጅ ይሸጣሉ ብሎ ለአፍታም አስቦ አያውቅም። ቢጠየቅ «እሳቸውማ የሰው መርፌ አይነኩም» ባለ ነበር። የሚከብደውም ይኸው ነው። ጠርጥሮ ቢናገር ተሳሳተ ይባላል። እሱ ግን ሳይጠረጥር፣ ለሳቅ ብሎ ብቻ፣ የሰው ስም አጎደፈ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሮጠው አይደርሱበት።

ክስ አልነበረም፣ ምርመራም አልነበረም። አንድ ማለዳ ብቻ አባ ዝም ከሹፌርነት ተነሥተው ንብረት ክፍል እንዲሠሩ፣ ጎተራንም ላባ እንዲይዝ ተወሰነ። ኃላፊዋ ቁንጫን ራሳቸው መንዳት ጀመሩ። ቁልፉን ሲያስረክቡት አባ ዝም መኪናዋን አጥበው፣ ምንጣፎቿን አራግፈው፣ የሹፌሩን ወንበር ለላባ ቁመት እንዲስማማ ወደ ፊት አስጠግተው ነበር። «ጠዋት ጠዋት ሞተሩ እስኪሞቅ ታገሣት» አሉት። ሌላ ነገር አልተናገሩም። ላባ «ምንም አትስጉ ጋሼ፤ ላባ ነው የያዛት» ብሎ ትከሻቸውን መታ መታ አደረጋቸው። ያ ትከሻ ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እጁ ላይ እንደተሰማው እሱ ነው የሚያውቀው።

የመጀመሪያው ሳምንት የሠርግ ያህል ነበር። ከጎተራ ላይ ሆኖ ሲያይ ሌላው መኪና ሁሉ ከታቹ ነው። የሚስቱ እናት ሰፈር ከመንገዱ ውጭ ቢሆንም በዚያ በኩል ዞሮ አለፈ፤ አማቱ በረንዳ ላይ አልነበሩም፣ ሲመለስም ደገመው። ግን ዓይኑ ከነዳጅ መለኪያው ላይ አልነቀል አለ። መርፌዋ ቁልቁል ትወርዳለች። ላባ እግሩ ያው ነው፣ የሚረግጠውም እንደ ድሮው በስሱ ነው፣ መርፌዋ ግን መውረዷን አላቆመችለትም።

«ይሄ መኪና ቀዳዳ አለበት» አለ። ታቹ ገብቶ በጀርባው ተንጋልሎ ቧንቧውን በጣቱ ተከትሎ ዳበሰ፣ ጣቱን አሸተተ፤ ደረቅ ነው። ለመካኒክ አሳየ። መካኒኩ ከፈታ፣ ካየ፣ መልሶ ከገጠመ በኋላ «ጤነኛ ናት» አለው።

«ታዲያ ለምን ትጠጣለች?»

«ስለምትሠራ ነዋ» አለና ወደ ሌላ ደንበኛ ሄደ።

ብልህ ሰው እዚህ ላይ ነገሩ ይገባው ነበር። ላባም ሳይገባው አልቀረም፤ እንዲገባው አልፈለገም እንጂ። የገባው ቀን ያ የአዳራሽ ሳቅ ሁሉ ተመልሶ እንደሚመጣበት ልቡ ያውቃል። ስለዚህ ብልሃት ፍለጋ ገባ። ጎማውን እስኪደነድን አስነፋ። የጣሪያውን ዕቃ መጫኛ ፈትቶ ግቢ ጣለው። የመኪናዋ አየር ማቀዝቀዣ እንዳይከፈት ከለከለ፤ መስኮቱም ነፋስ እንዳያስገባና መኪናዋን እንዳይይዛት ብሎ አዘጋው። ከኋላ የተቀመጡት ባለሙያዎች ላብ አጠመቃቸው። ቁልቁለት ሲያገኝ ማርሹን አውጥቶ፣ ሞተሩን አጥፍቶ በክብደቷ ብቻ ይለቃት ነበር። እንዲያ ስትወርድ አንድ ቀን ፍሬኑ ግሎ የተቃጠለ ጎማ ሸተተ፤ መሪዋም እጁ ውስጥ ድንጋይ ሆነች። የሕክምና መሣሪያ የምትጠግነው ባለሙያ ከጎኑ ነበረች። «አንተ ሰውዬ! ነዳጅ ቆጥበህ እኛን ልትጨርሰን ነው?» ብላ ጮኸች። ከመንገዱ ዳር ተጠግቶ ካቆመ በኋላ «መንገዱ ነው» አላት። ሰውን ለሞት አቅርቦ መንገዱን ከሰሰ።

ኃላፊዋ ኮሪደር ላይ አግኝተውት «ጎተራ እንዴት ሆነችልህ? ቀነሰች?» ሲሉት፣ አፉ ላይ እውነቱ መጥቶ ነበር። «እየቀነሰች ነው፤ ትንሽ ጊዜ ስጡኝ» አለ። ይህን ባለበት ቅጽበት የንብረት ክፍሉ በር ክፍት ነበር። አባ ዝም ካርቶን ላይ ካርቶን ይደረድሩ ነበር። ይስሙ አይስሙ አላወቀም። በዚያ በር ፊት ላለማለፍ ሲል ብቻ ከዚያ ወዲህ በጓሮ በኩል መዞር ጀመረ።

የቀነሰች ለማስመሰል አንድ መንገድ ብቻ ቀረው፤ ነዳጅ ሲጠይቅ ከሚያስፈልገው አሳንሶ መጠየቅ። እንደዚያም አደረገ። አንድ ቀን ከከተማው ውጭ ላለ ጤና ጣቢያ የክትባት ማቀዝቀዣ ተጭኖ፣ ያቺው ባለሙያና ሁለት ተሸካሚዎች ተሳፍረው ሲሄዱ፣ ረጅሙ ዳገት ወገብ ላይ ጎተራ ሳል ሳል አላት፣ ተንገጫገጨችና ቀጥ አለች። ጠራራ ፀሐይ ነው። መለኪያው ባዶ ነው።

«ምን ሆና ነው?» አለች ባለሙያዋ።

ላባም፣ «ትንሽ ብንገፋት ከላይ ሜዳው ላይ ማደያ አለ» አለ።

ወረዱ። ተሸካሚዎቹ በኋላ፣ ባለሙያዋ በጎን፣ ላባ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ በበሩ በኩል። መንገድ ላይ የነበሩ ሰዎችም አዩና ደረሱላቸው። «ሆ!» ብለው ገፉ። ጎተራ አልተነቃነቀችም። ሌላም ሰው ተጨመረ። ሁለተኛ ሲገፉ ጎማዋ ጥቂት ተንከባለለና ትንፋሻቸው ሲያልቅ መልሳ ልትንሸራተት ሆነ፤ «ድንጋይ! ድንጋይ!» ተባለና በድንጋይ ተያዘች። ላባ ደረቱ እንደ ወናፍ እየተነፋ በሩን ተደግፎ ቆመ። ቁንጫ በአንድ ወቅት ባትሪዋ ሲሞት እሱ ብቻውን በትከሻው ገፍቶ ከግቢ አውጥቷት ነበር፤ እያፏጨ።

ባለሙያዋ ላቧን በእጅጌዋ ጠርጋ ማቀዝቀዣውን አየችና፣ «ይሄ ሁሉ ሰው መግፋት ያቃተውን መኪና፣ ቀኑን ሙሉ ዳገት የሚያወጣት ያ ነዳጅ ነው እኮ» አለች። ለማንም ብላ አልተናገረችም፤ ስለደከማት ነው የተናገረችው።

ላባ ግን በትከሻው ነበር የሰማው። ያንን ክብደት ከቆመበት ማስነሣት፣ መብራት ላይ ማቆም፣ እንደገና ማስነሣት፤ ያ ግንባረ ሰፊ አካሏ ነፋስን እንደ በር ሳንቃ እየገፋ መሄዱ፤ ያ ትልቅ ሞተር ቆማ ስታንኮራፋ እንኳ በየዙሩ የሚጎርሰው። ቁንጫ ትንሽ የምትበላው ትንሽ ስለምትሸከም ነው። እግሩ ላባ ስለሆነ አልነበረም። እግር ጥቂት ይረዳ ይሆናል፤ ግን እነዚያን ዓመታት ሁሉ የመኪናዋን ቀላልነት የራሱ ጥበብ አድርጎ ሲኩራራበት ነው የኖረው። የሌላይቱን ክብደት ደግሞ የሰው ሌብነት አድርጎታል።

ባለሙያዋ ወደ ቢሮ ደወለች። ኃላፊዋ ሌላ ሾፌር ስላልነበራቸው የላኩት አባ ዝምን ነው። ቁንጫ ዳገቱን እየዘለለች መጣች። አባ ዝም ወረዱና የኋላ በሯን ከፍተው ቢጫ ጀሪካን አወጡ።

ላባ ጀሪካኑን ሲያይ ክው አለ። በዚያ በጠራራ ፀሐይ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስ ባለው። የራሱ ቃል፣ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ሰው ሁሉ የሳቀበት ቃል፣ በሽማግሌው እጅ ተንጠልጥሎ ወደ እሱ መጣ። አባ ዝም ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ቀስ ብለው ቀዱ። ላባ የሚቀዱበትን ማንቆርቆሪያ ሊይዝላቸው እጁን ዘረጋ። «ያዘው» አሉት። ጥቂቱ እጁ ላይ ፈሰሰ።

«ጋሼ…» አለ።

«ስትነሣ በመጀመሪያ ማርሽ ውጣ፤ አታስጨንቃት» አሉ አባ ዝም። ክዳኑን አጠበቁ። «ሂዱ፤ ክትባቱ ማቀዝቀዣ ይጠብቃል።» ባዶውን ጀሪካን ይዘው ተመለሱ።

ወዲያው ሄዶ እግራቸው ላይ ወደቀ ቢባል ደስ ይል ነበር። አልወደቀም። ቀን መጣ ቀን ሄደ፤ ጠዋት ሲነሣ «ዛሬ» ይላል፣ ከሰዓት «ሰው በዝቷል» ይላል። ክበቡ ውስጥ ተጫወት ሲሉት ጥርሴን አሞኛል አለ። ቤት ውስጥም ጨዋታው ስለጠፋ ሚስቱ ምን ሆነሃል ብላ ያዘችው። አፍረጥርጦ ነገራት። ታጽናናኛለች ብሎ ነበር የጠበቀው። «እኔ ምን ላድርግህ?» አለችው። «የተናገርከው በሰው ፊት፣ የምትናዘዘው ማጀት! አፍህን የከፈትክበት ቦታ ሄደህ ክፈተው።»

በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ «ሌላ ጉዳይ ያለው?» ሲባል ተነሣ። ሰው ፊቱን ለሳቅ አዘጋጀ። ገና ምንም ሳይል አንዱ ከኋላ «ጀመረ ላባ!» ብሎ ሳቀ።

«አትሳቁ» አለ።  «ጎተራ ብዙ የምትጠጣው ስለምትከብድ ነው። ሞተሯም ትልቅ ነው፣ የምትጭነውም ብዙ ነው፣ ነፋስም ይይዛታል። እኔ ስነዳትም ያንኑ ያህል ትጠጣለች። ቀነሰች ያልኩት ውሸት ነው፤ አሳንሼ እየቀዳሁ ዳገት ላይ አስቁሜያታለሁ። ባለፈው ስለ ጀሪካን የተናገርኩት… አይቼ አይደለም፣ ሰምቼም አይደለም፣ ጠርጥሬም አይደለም። እንድትስቁልኝ ብዬ ነው።»

 ላባ አንድ ነገር እንዲመጣበት ጠበቀ፤ ስድብም ቢሆን፣ ቅጣትም ቢሆን። የመጣው ከዚያ የባሰ ነው። ሰው አንገቱን ሰበረ። ያኔ ዓይኗን እየጠረገች የሳቀችው ጸሐፊ ጥፍሯን ታይ ጀመር። አንድ ሰው «ያለፈ ነገር ነው እኮ፣ ምን ያነሣሣዋል» ሲል አጉተመተመ። ኃላፊዋም ወረቀታቸውን ሲያስተካክሉ ቆዩና፣ «የኔም ጥፋት አለበት። አንድ ቀልድ ሰምቼ ሰው ከሥራው አነሣሁ፤ ሳልጠይቃቸው» አሉ። ወደ አባ ዝም ዞረውም «ከፈለጉ ወደ መኪናዎ ይመለሱ» አሏቸው። አባ ዝም ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ስብሰባው ተበተነ።

ላባ ደረጃው ላይ ደረሰባቸው። «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

አባ ዝም ኮፍያቸውን አጠለቁ። «እዚህ ያለው ሰው ይረሳል» አሉ። «ድሮም ለሳቅ ነበር የሰማህ። ቤት ሄደህ ንገራት።»

«ለማን?»

«ለባለቤቴ። ወሬው ቤቴ ደርሶ ነበር።»

ላባ ወደ አባ ዝም ቤት ሄደ። አንድ ክፍል ከአንድ ጓዳ ነው። በመስኮቱ ሥር የልብስ ስፌት መኪና አለ፤ ባለቤታቸው የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ይሰፉ ነበር። አባ ዝም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ላባ ቆሞ፣ የተባለውንም የተደረገውንም አንድ ሳያስቀር ተናገረ። ሴትዮዋ መርገጫውን ሳያቆሙ ሰሙት። የእጅጌው ስፌት ሲያልቅ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ።

«ጨረስክ?» አሉት።

«አዎ እትዬ።»

«እንግዲያስ እኔም ልንገርህ። ቧንቧ ጋ ውሃ ስቀዳ 'የነዳጁ ሌባ ሚስት' ብለው ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። ሰው ያውራ፤ ሰው ምን የማያወራው አለ! ግን ማታ እሱ ሲገባ…» አሉና የሰፉትን ዩኒፎርም ጭናቸው ላይ አጣጠፉ። «የሹፌር ልብስ ነዳጅ ነዳጅ ይሸታል። ዕድሜዬን ሙሉ ያጠብኩት ልብስ ነው፤ ሸትቶኝ አያውቅም ነበር። ያን ሰሞን ሸተተኝ። ተኝቶ ሳለ የኮቱን ኪስ ፈተሽኩ። አንዴ አይደለም። የኔን ባል ኪስ እኔ ፈተሽኩ። አንተስ መጥተህ ይቅር በሉኝ ትላለህ። እኔን ማን ይቅር ይለኛል?»

ላባ ወለሉን አየ። ሲሚንቶው ላይ ሰማያዊ የጨርቅ ቁራጭ ወድቋል።  የሰው ስም ማጥፋቱን አውቆ ነበር የመጣው። በዚያች አንዲት ክፍል ውስጥ፣ በአንድ አልጋ በሚተኙ ሁለት ሰዎች መካከል ገብቶ መቀመጡን ግን አላወቀም።

አባ ዝም ከአልጋው ጫፍ ላይ ሳይነሡ፣ «አውቅ ነበር» አሉ። ለሚስታቸው ነው የተናገሩት። «ኪሴን መልሰሽ ስትዘጊው ክዳኑን ወደ ውስጥ ነበር የምታስገቢው። እኔ ወደ ውጭ ነው የማደርገው።»

«አውቀህ ዝም አልክ?»

«ምን ልበል? ፈትሸሽ ስታጪ ልብሽ ያርፋል ብዬ ነው።»

ሴትዮዋ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ላባ መኖሩ የተረሳ መሰለ። መቆምም መሄድም ነውር ሆኖበት ጥቂት ቆመና፣ ወደ ኋላው እያፈገፈገ ወጣ። ተቀመጥ ያለው አልነበረም፤ ቢባልም አይቀመጥም ነበር። ደጅ ላይ ሲደርስ የስፌቱ መኪና ድምፅ እንደገና ተነሣ።

አባ ዝም ወደ ጎተራ ተመለሱ፤ ጡረታ እስኪወጡም እሷን ነዱ። ላባም ወደ ቁንጫ። ስሙ አልለቀቀውም። «በስሜ ጥሩኝ» ብሎ ጠየቀ፤ ሰው ግን የለመደውን አይተውም፤ ከነጭራሹ ትክክለኛ ስሙን የማያውቁ አዳዲስ ሠራተኞች መጡ። በተጠራ ቁጥር ትንሽ ሽምቅቅ ይላል፤ እነሱ ይህን አያውቁም። ከአባ ዝም ጋር ሰላምታ አላቋረጡም። ጎማ ሲቀይሩ ይረዳቸዋል፣ እሳቸውም እንደ ድሮው በጣታቸው ያሳዩታል። ግን ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ፣ ቀድሞ ብርጭቆውን አንሥቶ የሚሄደው ሁልጊዜ ላባ ነበር። ማንም ሂድ አላለውም።

አንድ ዝናባማ ከሰዓት፣ ኃላፊዋን አድርሶ ሲመለስ አውቶቡስ መጠበቂያው ሥር የአባ ዝምን ባለቤት አየ። የተሰፋ ልብስ በላስቲክ ጠቅልለው ደረታቸው ላይ አቅፈዋል፤ ጣሪያው ያፈሳል። አለፋቸው። ትንሽ ሄዶ አቆመና ወደ ኋላ ተመለሰ። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ፣ ይግቡ፤ ላድርስዎት» አለ።

ሴትዮዋ መጀመሪያ መንገዱን አዩ፣ አውቶቡስ የለም። ጥቅሉን አዩ። ከዚያ የኋላውን በር ከፍተው ገቡ። ከጎኑ ያለው ወንበር ባዶውን ሄደ። መጥረጊያው መስተዋቱ ላይ ወዲህ ወዲያ ይላል፤ ላባ በመስተዋቱ ወደ ኋላ ላለማየት አንገቱን አደንድኖ ነዳ። እሳቸውም ልብሱን የሚያደርሱበትን ትምህርት ቤት ብቻ ነገሩት። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ፣ «ለባለቤትህ ሰላም በልልኝ» አሉና ወረዱ።

እጃቸው ሙሉ ስለነበር በሩ በደንብ አልተዘጋም። ላባ ዝናቡ ውስጥ ወርዶ፣ በመኪናዋ ዙሪያ ዞሮ በሩን ገጠመው። ቀና ሲል እሳቸው ጥቅሉን እንዳቀፉ፣ ኩሬውን እየዘለሉ ወደ ውስጥ ሲገቡ አየ።